ጅራታቸው አንድ የሆኑ ቃላት

ሰናይት በእናቷ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔ ወይንሸት ራሴ እየሰማሁ፣ «ወይንሸትን እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሚዛን ተፈሪ ልካ ያስተማረቻት ደግሞ እማዬ ናት» አለች። ለቀስተኛው ራሱን እየነቀነቀ ሟችን አመሰገነ። ለቅሶ ቤት ክርክር አይገጠምም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ዝም ማለት በዚያ ቤት የለመድኩት ሥራ ነው።

ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ጓሮ ስዞር ግን ሽታው ተቀበለኝ። እሸት ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቆዳው መቦካት ሲጀምር የሚሰጠው ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም፣ የበሰለ ሙዝና የጠላ እንስራ አብረው የተከደኑ የሚመስል። ቴፒ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ የተነሣው ሐዘን አልነበረም። ደስታ ነበር፤ የሚያስሮጥ፣ የሚያስጮህ ዓይነት ደስታ። ለቅሶ ቤት ያስነውራል። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ስለ ቀረው ኑሮዬ አልናገርም፣ ማንንም አይመለከትም። ስለዚያች አንዲት የቡና ወቅት ግን እውነቱ ይታወቅ።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ሲሞት እናቴ ማሻ ወዳሉት ዘመዶቿ ተመልሳ ሌላ ባል አገባች፤ እኔን ቴፒ ለአባቴ እህት ለእትዬ በላይነሽ ትታ። እትዬ በላይነሽ ሱቅ ነበራት፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ሰፊ የቡና ማስጫ ግቢ። ገበሬው እሸቱን ያመጣል፣ እሷ ታሰጣዋለች፣ ከነቆዳው ደርቆ ጀንፈል ሲሆን የጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ልጇ ሰናይት በዕድሜም በክፍልም እኩያዬ ናት። እሷ አዲስ ትለብሳለች፣ እኔ እሷን የጠበባትን። ከእሷ ቀጭን ስለነበርኩ ይበቃኝ ነበር፤ ይህንንም እትዬ በላይነሽ እንደ ውለታ ትቆጥረው ነበር።

ያን ዓመት ሚዛን ተፈሪ የሚሠራው አጎቴ በሾፌር መልእክት ላከ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከሁለቱ ልጆች አንዷን ብቻ ወስዶ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ሊያስተምር ይችላል። ሚዛን! ከተማውን አይቼው አላውቅም። ስሙን ስሰማ ግን መግቢያው ላይ ሰው የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን የተተከለ ይመስለኝ ነበር። በአንዱ ጎን ሰናይት ትቀመጣለች፣ በሌላው እኔ፣ እኩልም እንሆናለን። ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ከዚያ ቤት መውጣትና እኩል መመዘን፣ በቃ።

እትዬ በላይነሽ መልእክቱን የሰማችው ማስጫው ላይ፣ በለቃሚ ሴቶች መሃል ቆማ ነው። ሴቶቹ አብዛኞቹ ሼኮና ቤንች ናቸው። በየሰሌኑ ዙሪያ ተቀምጠው ከጀንፈሉ ውስጥ የሻገተውንና የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ከመካከላቸው ድምፀ ወፍራሟ፣ የክፍል ጓደኛዬ የማርታ እናት ቀና ብላ፣ «ማን ይሄዳል ታዲያ፣ እትዬ?» አለች።

«ያሸነፈችው ናታ!» አለች እትዬ በላይነሽ እየሳቀች። «በወላጆች ቀን የእንግሊዝኛ ውድድር አለ አይደል? ከሁለቱ የበለጠችዋ ትሄዳለች። እኔ አላዳላም። ሚካኤልን! እናንተም ምስክር ናችሁ።»

ሴቶቹ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፣ ሞኝ! በማግስቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ቡናው እስኪያልቅ ትምህርት ቤቱ ይቆይሽ። ዶሮና ዝናብ ማን ሊጠብቅ ኖሯል?»

በቡና ወቅት የክፍሉ ግማሽ ባዶ ስለሚሆን አንድ ልጅ ቢጎድል ማንም አይጠይቅም። ለሰናይት ግን አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ አንድ ጎረምሳ ተቀጥሮ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ያስጠናት ጀመር። አንድ ቀን መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳዳምጥ አየችኝና ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ዛሬ «አስተማርኳት» የምትለው ይህንን መሆን አለበት።

የእኔ ሥራ ጀንፈሉን በእንጨት መቅዘፊያ መገልበጥ፣ ዶሮ ማባረርና ጆሮዬን ወደ ጫካው መቀሰር ነበር። የቴፒ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ከጫካው በኩል ብዙ ሕዝብ የሚያጨበጭብ ይመስላል፤ ቅጠሉ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ያን ጊዜ «ሸራ!» ብዬ እጮኻለሁ። ሴቶቹ ሰሌናቸውን ጥለው ይነሡና የተጠቀለለውን ከባድ ሸራ በአራት ማዕዘን ይዘው ቡናው ላይ ይዘረጉታል። እኔ ትንሽ ስለሆንኩ በደረቴ ተስቤ ሥሩ እገባለሁ፤ ውሃ እንዳይቋጥር መካከሉን በዱላ ከፍ አድርጌ መያዝ አለብኝ። ውስጡ ጨለማ፣ ሙቀት፣ ያ ሽታ። ከላይ ዝናቡ ይደበድበዋል። ከዚያ የበለጠ የምወደው ቦታ አልነበረም፣ እዚያ ማንም አይጠራኝማ።

ከሰዓት በኋላ ማርታ ከትምህርት ቤት ወደ እናቷ ትመጣለች። ቤቷ የሚነገረው ሼኮ ስለሆነ አማርኛዋ አጭር ነበር፤ የእኔም ሼኮ ከ«ነይ» እና ከጥቂት ስድብ አያልፍም። ግን ሮጣ ነው የምትመጣው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ጋሽ ታደሰ ዛሬ አዲስ ጅራት አመጣ!»

ጋሽ ታደሰ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነው። የጅራት ጨዋታ የሚባል ነገር ነበረው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ይጽፋል፣ እሱ ጅራቱ ነው። ተማሪው ተራ በተራ እየተነሣ ጭንቅላት ይቀጥልለታል፤ ጅራቱ ያው፣ ጭንቅላቱ ግን አዲስ። ቃሉን ከተናገረ በኋላ ትርጉሙን ይሰጣል። የተባለ አይደገምም፣ የጠፋው ይቀመጣል። ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው አማርኛን ከቤቱ ያላመጣ ልጅ ስለሆነ ጋሽ ታደሰ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፣ «ትርጉም በአፍ ወይም በአካል»። ማለትም መናገር ያቃተው ሠርቶ ያሳያል። እሱ ራሱ ኮቱን አውልቆ ዴስክ ላይ እየዘለለ ነበር የሚያስተምረው።

ማርታ ይዛልኝ የመጣችው እንግዲህ ያንን ነው፣ ቃሉን በአፏ፣ ትርጉሙን በእጅና በእግሯ።

«ሆፕ!» ትልና ማስጫው ዳር በአንድ እግሯ ትዘላለች። ገባኝ! ሆፕ ማለት ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ነው። «ዲግ!» ትልና ዱላ አንሥታ መሬቱን ትቆፍራለች። ይሄም ገባኝ፣ ጎደሬ ማውጣት። «ናፕ!» ብላ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኝታ ዓይኗን ስትጨፍን ጥርሷን ያመማት መሰለኝና አዘንኩላት። «ቢግ!» ብላ ደግሞ ጉንጯን ነፋች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሆዷን አስቀድማ በሰሌኖቹ መካከል ተጎማለለች። ለቃሚዎቹ ሁሉ ሰሌናቸው ላይ እስኪወድቁ ሳቁ።

«ገባሽ?» አለችኝ ማርታ።

«ገባኝ፣ እትዬ በላይነሽ!»

እናቷ ራሷ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና ሁለታችንም ሸራው ሥር ገባን። ማርታ በጨለማው ውስጥ በአራት እግሯ ተንበርክካ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ጥግ ገባችና ከጉሮሮዋ ኸርርር የሚል ድምፅ አወጣች። «ዴን» አለችኝ። ነጎድጓዱን መምሰሏ ነው አልኩ በልቤ። ዴን ማለት ዝናብ ሲመጣ ሸራ ሥር መግባት ነው። እንግሊዞች ለዚህ ነገር ቃል አላቸው ማለት ነው! እነሱም አገር ቡና ይሰጣል ማለት ነው! ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እኔም ኸርርር አልኩ። ሁለታችንም ዝናቡ እስኪያባራ ኸርርር እንዳልን ቆየን።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልከበደኝም። በመቅዘፊያው ጀርባ ጀንፈሉ ላይ ጅራቱን እየጻፍኩ ከፊቱ ጭንቅላት እቀያይራለሁ፣ ገልብጬ አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ።

«ቡናዬን የምትጭሪው ምን ሆነሽ ነው? ከዶሮ ጠብቂ አልኩሽ እንጂ ዶሮ ሁኚ አልኩሽ?» አለች እትዬ በላይነሽ አንድ ጠዋት።

«እየገለበጥኩት ነው፣ እትዬ።» አልዋሸሁም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዳስ ተጥሏል፣ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ፊት ለፊት እስከ መሬት የወረደ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የክብር ጠረጴዛ አለ፤ ከኋላው ርዕሰ መምህሩና ከወረዳ የመጣ ክራባት ያሰረ እንግዳ ተቀምጠዋል። እትዬ በላይነሽ ለዳሱ ማሠሪያ ስላዋጣች ወንበሯ ከፊት ነው። ለቃሚዎቹ ከኋላ ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ምኑም አይገባቸውም፣ ልጆቻቸው ሲጨበጨብላቸው ያጨበጭባሉ።

ስሜ መዝገብ ላይ ስለነበረ ጋሽ ታደሰ ሲያየኝ «ገብተሽ ተሰለፊ» አለ፣ ሌላ አልጠየቀም። ሰናይት ነጭ ካልሲ አድርጋለች። እኔ እግሬ ቡና እንደነካ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጅራት ማርታን አስነሣ። «ዲግ» አለችና ጎንበስ ብላ እየቆፈረች አሳየች። እንግዳው እስክሪብቶውን አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው? በአማርኛ ተናገሪ!»

ማርታ ጎንበስ ብላ እንደገና ቆፈረች። ጋሽ ታደሰ «ጌታዬ፣ እኛ ክፍል...» ብሎ ጀመረ።

«ውድድር ነው። ትርጉም በአማርኛ ይነገራል። ትቀመጥ።»

ተቀመጠች። ጋሽ ታደሰ አንገቱን ደፋ። ከኋላ፣ ከሣሩ ላይ፣ ማጉረምረም ተሰማ። እኔ ከመናደዴ የተነሣ ፍርሃቱ ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የመጣልኝን ሁሉ እንደ ድንጋይ ወረወርኩት። ልጆቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። የቀረነው እኔና ሰናይት ሆንን።

ጋሽ ታደሰ የመጨረሻውን ጅራት ጻፈ፣ ኢ እና ኤን።

«ፔን፣ እስክሪብቶ» አለች ሰናይት በዜማ።

«ሄን፣ ዶሮ!» ዶሮን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃታል?

«ቴን፣ አስር።»

«ሜን፣ ወንዶች!»

ሰናይት አፏን ከፈተች። ወደ እናቷ አየች። እናቷ ከወንበሯ ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ልትረዳት ሞከረች፤ እንግሊዝኛ ግን እሷም አታውቅም። ጎረምሳው የተከፈለውን ያህል ነው ያስተማረው። አንድ ቃል ካለኝ ሚዛን የእኔ ናት፤ ከተሳሳትኩ ግን የሰናይት።

«ዴን!» ብዬ ጮኽኩ።

«ትርጉም?» አለ እንግዳው።

«ዝናብ ሲመጣ ሸራ ሥር መግባት!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ በላይነሽ በሁለት እጇ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ስህተት ነው» አለ እንግዳው። «እንግዲህ አሸናፊዋ...»

«ጌታዬ» አለ ጋሽ ታደሰ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ግን ተነሥቶ ቆመ። «በእኔ ክፍል ትርጉም በአፍ ወይም በአካል ነው። ቅድም ዝም ማለት አልነበረብኝም። ልጅቷ ሠርታ ታሳይ።»

«ይሄ እኮ ቴአትር ቤት አይደለም።»

«አይደለም። ግን ከኋላ የተቀመጡት ወላጆችም ወላጆች ናቸው። ወይንሸት፣ አሳዪ!»

ማሰቢያ ጊዜ አልነበረም። ሸራ ፈለግሁ፣ የለም። ነጩን ጨርቅ አየሁ። በደረቴ ተንሸራትቼ የክብር ጠረጴዛው ሥር ገባሁ! በጫማዎቹ መካከል ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ ጥግ ያዝኩ፣ በአራት እግሬ ተንበረከክሁ፣ ማርታ እንዳሳየችኝ ከጉሮሮዬ ኸርርር አልኩ። እንግዳው እግሩን ወደ ወንበሩ ሰበሰበ። እኔ ነጎድጓዱን በደንብ አልሠራሁትም ብዬ ይበልጥ ጮኽኩ፤ ጭንቅላቴን በጨርቁ ሥር አውጥቼም ተመልሼ ገባሁ።

ያኔ ከሣሩ ላይ ሆታ ተነሣ። በሼኮ፣ በቤንች፣ የማርታ እናት ደግሞ በወፍራም ድምጿ በአማርኛ፣ «ነብር! ነብር ነው! ቤቱ ገባ! ነብር ቤት!» እያለች ትጮኻለች። ጫካ ውስጥ እንጨት የምትለቅም ሴት ነብር ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚል ከመጽሐፍ አትማርም።

«ዴን!» አለ ጋሽ ታደሰ እየዘለለ። «የአውሬ ዋሻ! ትክክል ነው!»

እኔ ትርጉሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ። ነብር! ለካስ ማርታ ነብር ሆና ነው የጮኸችው! እንግዳው ወደ ኋላ ዞሮ ሕዝቡን አየ፤ ሕዝቡ ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው። እጁን አወናጨፈና «ይሁን» አለ። ጭብጨባው ጫካው ላይ እንደሚወርድ ዝናብ መጣ። ሽልማቱን ስቀበል ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ማርታን ግን ማንም ወደ ውድድሩ አልመለሳትም። ይህንንም አልረሳሁም።

ማታ እራት ላይ እትዬ በላይነሽ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«በሰው ፊት በአራት እግሯ የዳኸች ልጅ ወንድሜ ቤት ልኬ አላሰድብም» አለች። «ሰናይት ልብስሽን አሰናጂ። የነገው መኪና ይወስድሻል።»

«እትዬ፣ ምለሻል እኮ።»

«ዝም በይ! ለማን ነው የማልኩት? ለአንቺ?»

ሰናይት እንጀራዋን እየቆረሰች ፈገግ አለች። እንግዲህ ያስተማረችኝ እሷ፣ የላከችኝ እናቷ።

በማግስቱ የወቅቱ የመጨረሻ ጀንፈል ማስጫው ላይ ሙሉ ተሰጥቷል፣ መኪናውም ሊጭነው በር ላይ ቆሟል። እኔ ዓይኔ አብጦ መቅዘፊያዬን እገፋለሁ። ማርታ መጥታ ፊቴን አየች። አልጠየቀችኝም፤ ሰናይት አዲስ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ነበርና ሁሉም ግልጽ ነው። ማርታ ለእናቷ በሼኮ ነገረቻት። እናቷ ለአጠገቧ፣ አጠገቧ ላለችው ሌላዋ። ወሬው ሰሌኖቹን ዞረ።

ከዚያ ከጫካው በኩል ያ ጭብጨባ ተሰማ።

«ሸራ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሴቶቹ ተነሡ። ወደ ተጠቀለለው ሸራ ሄዱ። አላነሡትም። ዞረው ተቀመጡበት፣ ጎን ለጎን፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ሥር እየሰበሰቡ።

እትዬ በላይነሽ ከሱቁ እየሮጠች ወጣች። «ምን ሆናችኋል? ዝናቡ መጣ እኮ! ተነሡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሸራውን ጫፍ ይዛ ጎተተች፤ የዚያን ሁሉ ሴት ክብደት ብቻዋን ከየት ታምጣው።

«በላይነሽ» አለች የማርታ እናት። «እትዬ» ሳትል ስትጠራት ያን ቀን ብቻ ሰማሁ። «ሚካኤል ብለሽ ማልሽ። ምስክር ናችሁ አልሽን። እኛ ምስክር ነን።»

«አንቺ ደግሞ ጴንጤ! ስለ ሚካኤል ምን አገባሽ?»

«የእኔ አይደለም። የአንቺ ነው። ስንት ዘመን ጸለይሽለት። ዛሬ ዋሸሽበት።»

ሌሎቹ ሳቁ። የመኪናው ሾፌር ሳይቀር ሳቀ። ጭብጨባው ቀረበ። የዳሩ ዛፍ ዘመመ። የመጀመሪያው ጠብታ ጀንፈሉ ላይ ጠብ አለ፣ ሌላም፤ እንደ ተወረወረ ጠጠር ይጮኻል። እኔ መሃል ላይ መቅዘፊያዬን ታቅፌ ቆሜአለሁ።

«ትሂድ!» አለች እትዬ በላይነሽ።

«ማን?» አለች የማርታ እናት ሳትነሣ።

«ይቺ ናታ! ትሂድ አልኩ!»

«ስም የላትም?»

የእትዬ በላይነሽ አንገት ደም ሥሩ ተገተረ። ቡናዋን አየች፣ ሰማዩን አየች።

«ወይንሸት! ወይንሸት ትሂድ! ሚካኤልን!»

ሴቶቹ እንደ አንድ ሰው ተነሡ። ሸራው አየር ላይ ተዘረጋ፤ እንደዚያ ሲበር አይቼው አላውቅም። ዝናቡና ሸራው እኩል ደረሱ። እኔም በልማዴ በደረቴ ተስቤ ሥሩ ገባሁ፣ ማርታም ከወዲያ በኩል ገባች። ዱላውን አብረን ይዘን መካከሉን ከፍ አደረግነው። ከላይ ይደበድበዋል፣ ከውጭ እትዬ በላይነሽ ትራገማለች። ውስጡ ጨለማ፣ ሙቀት፣ ያ ሽታ። የማርታን ፊት አላየውም፤ ትንፋሿ ግን ጉንጬ ላይ ነው።

«ዴን» አለችኝ።

«የአውሬ ዋሻ» አልኳት፣ እንደ ተማረ ሰው።

ከዚያ ከጉሮሮዋ ኸርርር አለች፣ እኔም ኸርርር አልኩ። ሸራው ጫፍ ላይ የቆመው የእትዬ በላይነሽ ጫማ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየነው።